ዘጠኝ ከአሥር

ሁለት ሥዕል አሉ፣ ጎን ለጎን የቆሙ፣
መንታ የሚመስሉ፣ ግን የማይስማሙ።
ጸጉር ቤት ነው ነገሩ፤ መስታወት፣ ማበጠሪያ፣
ድመት፣ መቀስ፣ ሚዶ፣ የቀን መቁጠሪያ፣
ወንበሩ ላይ ደግሞ ሸበቶ ሰውዬ፣
ገና ሳየው ጠላሁት፣ እኔን መሰለ ብዬ።

"አሥር ልዩነት አለ" ይላል ከላይ ጽሑፉ፤
ዘጠኙን ለቀምሁት፣ አንዱ ነው መትረፉ።
ከሚዶው አንድ ጥርስ፣ ከጸጉር ቆራጩ ኪስ፣
የዝንብ ክንፍ ሳይቀር፣ ከመብራቱ ራስ።
አሥረኛው ግን የለም።

ሶሬቲ፣ የልጄ ልጅ፣ ስምንት ዓመት ያልሞላት፣
ሁለት ደቂቃ እንኳ መች ፈጀባት፤
እኔ ግን ከምሳ ወዲህ፣ በረንዳ ላይ ተጎልቼ፣
የአዳማ ፀሐይ ቆርቆሮውን ሲያነደው፣ መነጽሬን ወልውዬ፣ ዓይኔን አሽቼ፣
ስነካው ስሕተት። ስልኩ በእጄ ይንዘፈዘፋል፣
ቀይ ኤክስ ይወጣል፣ ከልቦቼ አንዱ ይረግፋል።
"ጥቆማ ከፈለግህ" ይላል፣ "ማስታወቂያ ተመልከት"፤
ተመለከትሁ። ሳሙና ነው፤ አንዲት ሴት ንጹሕ ሸሚዝ ደግማ ስታጥብበት።
ከዚያ ጥቆማው መጣ፤ ቀድሞ ያገኘሁትን ዝንብ አሳየኝ በቀስት።

እኔን ነው? ሠላሳ አንድ ዓመት፣ ከባንክ መስኮት ኋላ፣
ካርዱን በግራ፣ ቼኩን በቀኝ ዘርግቼ፣ በዓይኔ እንጀራ ስበላ?
የ"መ" ቀለበት ትንሽ ከጠበበች፣
የ"ገ" እግር እንደ ወትሮዋ ካልተንጋደደች፣
"ይህ ፊርማ የእርስዎ አይደለም" ስል፣
የመናኸሪያው ደላላ ላብ አጥምቆት በልጆቹ ሲምል።
"ንስሩ" ይሉኝ ነበር፣ ሁንዴ የሚለኝ እስኪጠፋ፤
ሐሰት በእጄ አላለፈም፣ ሰው ቢለምን፣ ሰው ቢከፋ።

ወይዘሮ ደጊቱ ግን...
በባጃጅ መጡ አንድ ሰኞ፣ ልጃቸው ደግፏቸው፣
ቀኝ እጃቸው በነጠላ ተጠቅልሎ፣ የከንፈራቸው ጫፍ ወርዶባቸው።
ፈረሙ። መስመሯ ተንቀጥቅጣ ወረደች፣
ከካርዱ ጋር አልገጠመች።
"ይለያያል" አልሁ፤ ሰባት ቦታ ቆጠርሁ፣
ሰባቱንም በእርሳስ አንድ በአንድ ከበብሁ።
"ልጄ፣ እኔ እኮ ነኝ" አሉ፣ "ያቺው የሁልጊዜዋ።"
አወቅኋቸው፤ አዎ፣ አወቅኋቸው። የኔ ሥራ ግን ፊርማዋ
እንጂ፣ መች ሴትዮዋ።
ለመድኃኒት ይሁን ለኪራይ፣ ብሩን ለምን እንደሻቱት፣
አልጠየቅሁም። የከበብሁባትን ወረቀት አለቆቼ ወደዱት፤
ለአዲስ ሠራተኞች ማስተማሪያ አደረጉት።

ባለፈው ወር፣ ጡረታዬን ላወጣ ሄጄ፣
ፈረምሁ፤ ተንቀጠቀጠ እጄ።
ጸጉሩን ያበጠረ ልጅ፣ ከመስታወቱ ማዶ፣
ደብተሩን አየ፣ ቅጹን አየ፣ ቅንድቡ ወደ ላይ ሄዶ፣
"አይመሳሰልም አባቴ፤ እስኪ ደግመው ይፈርሙ።"
ስድስት ጊዜ ፈረምሁ፤ ስድስቱም እርስ በርስ አልተስማሙ።
ልስመውም ልመታውም ቃጣኝ፤
ዓይን አለው! ያ ልጅ ዓይን አለው! ሲመልሰኝ።

አሁን መሽቷል። ከኮረብታው ላይ ተርባይኖቹ
አንድ ዓይነት፣ አንድ ዓይነት ይሽከረከራሉ ክንፎቹ፤
ከመካከላቸው አንዷ ቆማለች፤
ጣቴ ሳላውቅ ተነሣች፣
ልትጫናት።

"አካኮ፣ አገኘኸው?" ሶሬቲ ናት።
"ያጭበረብራል" አልኋት፣ "ዘጠኝ ብቻ ነው ያለው።"
ስቃ ልትጠቁመኝ ስትል፣ እጇን ያዝሁት፤ "ተዪው።"

አንዲት ልብ ቀርታኛለች። ሸበቶው ሰውዬ፣ ነጭ ጨርቅ አገልድሞ፣
በግራም ተቀምጧል፣ በቀኝም ደግሞ፤
ሁለቱም ዝም ብለው ወደ እኔ ያያሉ፣
እጃቸው ከጨርቁ ሥር ነው፤
ይንቀጠቀጥ አይንቀጠቀጥ፣ ከዚህ አይታይም።